ይህን ከየት አወቅሁት?

እናቴ ማታ ማታ የቤቷን በር ሦስት ጊዜ ትፈትሻለች። መጀመሪያ ቁልፉን ሁለቴ ታዞራለች። ቀጥላ መቀርቀሪያውን እስከ ጥጉ ትገፋዋለች። ከዚያ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ሳብ፣ ሳብ ታደርገዋለች፤ ንቅንቅ አለማለቱን አይታ ወደ መኝታዋ ትሄዳለች። አሁንስ ተኛች ስል ኮቴዋን እሰማለሁ፤ ተመልሳ መጥታ አንዴ ደግማ ትስበዋለች። በዚያ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራለች። አንድም ቀን ሌባ ገብቶባት አያውቅም።

ባለፈው አብሬያት ያደርኩ ጊዜ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ማን ይመጣብኛል ብለሽ ነው?»

«አንቺ ልጅ፣ ዜና አታዪም እንዴ?» አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ እንዲያውም እንዳዘነችልኝ ሁሉ።

ቴሌቪዥኗ ከሰዓት በኋላ ተከፍቶ እስክትተኛ አይዘጋም። ሥራ ስትሠራም ድምፁ አብሯት ነው። እኔም ያን ሌሊት ተገላብጬ ሳስብ፣ ይህ ሣጥን እናቴን በገዛ ቤቷ እስረኛ አደረጋት ብዬ ደመደምኩ። ራሴን ግን ከነገሩ ውጭ አድርጌ ነበር። ኮሙኒኬሽን ተምሬያለሁ፤ ዜና እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ እኔን የሚነካኝ አልመሰለኝም።

ይህ አስተሳሰብ በሙያው ስም አለው። ፊሊፕስ ዴቪሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጽሑፍ «የሦስተኛ ሰው ውጤት» ብሎታል። ሰው ሁሉ መገናኛ ብዙኃን ሌላውን እንደሚለውጡ በቀላሉ ያምናል፤ ራሱ ጋ ሲደርስ ግን «እኔንስ አይነኩኝም» ይላል። ስሙን ለፈተና አጥንቼዋለሁ። በራሴ ላይ ሲሠራ ያየሁት ግን ከዚያ ሌሊት ጥቂት ወራት በኋላ ነው።

እግሬ ተሰብሮ አምስት ሳምንት ቤት ዋልኩ። ከስልኬ በቀር ጓደኛ አልነበረኝም። ሳይታወቀኝ አንድ ዓይነት ቪዲዮ ላይ ወደቅሁ፤ በደኅንነት ካሜራ የተቀረጹ አጫጭር ምስሎች፦ ሰው ከኋላ ተከትሎ ሲመነትፍ፣ አሳንሰር ውስጥ ሲማታ፣ በር ገንጥሎ ሲገባ። አንዱን እስከ መጨረሻው አየሁት፤ ሌላ አመጣልኝ። እሱንም አየሁት፤ አሥር አመጣልኝ። ምርኩዜን ጥዬ መጀመሪያ ወደ ውጭ የወጣሁ ማታ፣ ዘጠኝ ዓመት በተመላለስኩበት መንገድ ላይ አንድ ሰው ከኋላዬ መጣ። እርምጃው ፈጠን ያለ ነበር። ልቤ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ። እግሬን እየጎተትኩ መንገድ ተሻገርኩ፤ ቁልፌን በጣቶቼ መካከል ጨብጬ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ሰውዬው አልፎኝ ሄዶ፣ ከእኔ ሦስት ቤት ቀጥሎ ያለውን በር ከፍቶ ገባ። ከመግባቱ በፊት ዞር ብሎ «እግርሽ ዳነልሽ?» አለኝ። ጎረቤቴ ነበር። መልክ አልነበረውም በዚያች ደቂቃ፤ ከቪዲዮዎቹ ሰዎች አንዱን ነበር የፈራሁት።

ቤቴ ገብቼ ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩ። ከዚያ እጀታውን ሳብ አደረግሁት። እናቴን ያየሁት ያኔ ነው፣ በራሴ እጆች ላይ።

በማግስቱ የድሮ ደብተሮቼን አወጣሁ። የፈለግሁት ጆርጅ ገርብነርን ነበር። ተማሪ ሳለሁ የእሱን ሐሳብ በአንድ መስመር ቋጥሬ ነበር ያለፍኩት፦ «ብዙ ቴሌቪዥን ያየ፣ ዓለም ይከፋበታል»። ሰውዬው ከዚህች መስመር እጅግ የሰፋ ነው።

ገርብነር እ.ኤ.አ. በ1919 ቡዳፔስት ተወለደ። ፋሺዝም ሃንጋሪን ሲያንቀው እ.ኤ.አ. በ1939 ተሰደደ፤ አሜሪካ ገብቶ ጋዜጠኝነት ተማረ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ክሮኒክል ጋዜጣ ላይ ሠራ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካን ጦር ተቀላቅሎ በፓራሹት የጠላት ወረዳ ውስጥ ከወረዱት አንዱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ትምህርት ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ለሩብ ምዕተ ዓመት በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የአነንበርግ የኮሙኒኬሽን ትምህርት ቤት ዲን ሆነ። ይህን የሕይወት ታሪክ የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ፍርሃት አንድን አገር ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎዳና ያየ ሰው ነው፤ ኋላ ላይ የፈራ ሕዝብ ለመገዛት ይመቻል እያለ ደጋግሞ ሲያስጠነቅቅ ይህ ከበስተኋላው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግና ሮበርት ኬኔዲ በሁለት ወር ልዩነት ተገደሉ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን የአመፅን መንስኤ የሚመረምር ብሔራዊ ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ በቴሌቪዥን የሚታየውን አመፅ የሚቆጥርለት ሰው ሲፈልግ የገርብነር ቡድን ሥራውን ወሰደ። በዚያ ዘመን የብዙ ተመራማሪዎች ጥያቄ ሌላ ነበር። አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ሙከራ፣ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት ራሳቸው ሲደበድቡ አሳይቷል፤ ስለዚህ ሁሉም «ያየ ይማታል ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ገርብነር ግን ዱላ ከሚያነሡት ጥቂቶች ይልቅ ማንንም ሳይነኩ ሶፋቸው ላይ የሚቀመጡት ሚሊዮኖች አሳሰቡት። እነዚህ ሰዎች በየማታው ይህን እያዩ ዓመታት ሲያልፉ፣ የምንኖርበት ዓለም ምን ዓይነት ነው ብለው ያስባሉ?

አሠራሩ የጉልበት ሥራ ነው። በየዓመቱ የአንድ ሳምንት የምሽት ፕሮግራም ይቀረጻል። የሠለጠኑ ሰዎች ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ በቅጽ ይመዘግባሉ፦ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ሥራ፣ መታ ወይስ ተመታ፣ ገደለ ወይስ ሞተ። ከዓመት ዓመት ሲደመር አንድ ዓለም ወጣ። ከዋና ዋና ገጸ ባሕርያት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አመፅ ውስጥ ገብተው ይገኛሉ። ለአንዲት ሴት ሦስት ያህል ወንድ አለ። አረጋውያን ከቁጥራቸው እጅግ ባነሰ መጠን ብቅ ይላሉ። ፖሊስና ወንጀለኛ ግን በያለበት ነው። ከቆጠራው ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ማን መቺ፣ ማን ተመቺ ይሆናል የሚለው ነው። ገርብነር በስክሪን ላይ ያለ ዱላ የሥልጣን ትምህርት ነው ይል ነበር፤ ማን በማን ላይ ምን አድርጎ ማምለጥ እንደሚችል ለተመልካች በየማታው ያሳያል። ተመልካቹም ከሁለቱ በአንደኛው ቦታ ራሱን ያገኛል። እናቴ ሴት ናት፣ አርጅታለች፣ ብቻዋን ትኖራለች። በዚያ ዓለም ውስጥ የእሷን የመሰለ ሰው ብቅ ሲል ብዙ ጊዜ ምን እንደሚደርስበት ታውቃለች።

ቀጥሎ ወደ ሰዎቹ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1976 ገርብነርና ላሪ ግሮስ ባሳተሙት ጥናት ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ያለ ነበር፦ በአንድ ሳምንት ውስጥ አመፅ የሚያጋጥምህ ዕድል ከአሥር አንድ ነው ወይስ ከመቶ አንድ? ሌላው ደግሞ፦ አብዛኛው ሰው ይታመናል ወይስ ሰው ሲቀርቡ መጠንቀቅ ነው? በቀን አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያዩት፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከሚያዩት ይልቅ የቴሌቪዥኑን ዓለም መልስ ወደ መስጠት አዘነበሉ። ይህን ቀስ ብሎ የሚያድር ነገር «ከልቲቬሽን» አለው፤ ቃሉ የእርሻ ነው፣ አፈር አለስልሶ ዘር እንደ ማብቀል። ሰው አይታመንም የሚለውን ስሜት ደግሞ «የክፉ ዓለም ሕመም» ብሎ ሰየመው።

እኛ አገላለጽ አለን፦ ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። እናቴን በሩን ሦስቴ ፈትሺ ያላት የለም። ማንም አልሰበካትም፣ ማንም አልተከራከራትም። ብትሰበክ ኖሮ ትመልስ ነበር፤ ክርክር ትወዳለች። ድራማና ዜና ግን ክርክር አይከፍቱም። ያለውን እንዳለ አሳየንሽ ብለው ይሄዳሉ፤ እሷም ያየችውን ይዛ ትቀራለች።

ታዲያ ገርብነርን በጭፍን የተቀበለው የለም፤ እኔም አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1979 አንቶኒ ዱብና ግሌን ማክዶናልድ በቶሮንቶ ከተማ ብዙ ወንጀል ያለባቸውንና የሌለባቸውን ሰፈሮች ለይተው ጠየቁ። የሰፈሩ ሁኔታ ሲታሰብ በቴሌቪዥንና በፍርሃት መካከል ያለው ግንኙነት በአብዛኛው ጠፋ፤ የቀረው ወንጀል በሚበዛበት የከተማ ክፍል ብቻ ነበር። ሰዎች ብዙ ያያሉ፣ ይፈራሉም፤ ግን ሁለቱም ከሚኖሩበት ቦታ ሊመጡ ይችላሉ። በዓመቱ ፖል ኸርሽ የገርብነርን መረጃ ራሱን እንደገና አስልቶ፣ ዕድሜንና ትምህርትን የመሳሰሉት በአንድ ላይ ሲታሰቡ ውጤቱ እንደሚሟሽሽ ጻፈ። ጠቡ መጽሔት ለመጽሔት ተጧጧፈ። ገርብነርም ሐሳቡን አሻሻለ፦ በኑሮው አመፅን የሚያውቅ ሰው ስክሪኑ ላይ ሲደገምለት ፍርሃቱ ይደራረባል አለ። ትችት ሲመጣ የሚለጠጥ ሐሳብ ያጠራጥረኛል፤ ይህኛው ግን ቶሮንቶ ላይ ከታየው ጋር ይገጥማል።

መጠኑን በተመለከተም ራስን ማታለል አያስፈልግም። ጄምስ ሻናሃንና ማይክል ሞርጋን የሃያ ዓመታትን ጥናቶች ሰብስበው ሲያሰሉ አማካይ ተዛምዶው፣ ማለትም ሁለቱ ነገሮች ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ የሚለካው ቁጥር (ፍጹም ሲሆን 1 ነው)፣ 0.09 ገደማ ሆኖ ተገኘ። ይህ ትንሽ ነው። በሰዎች መካከል ካለው ልዩነት አንድ በመቶ እንኳ አያስረዳም። የገርብነር ቡድን መልስ፣ የምድር ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ቢል የበረዶ ዘመን ይመጣል የሚል ነበር። ምሳሌው ግሩም ነው፤ ምሳሌ ግን ማስረጃ አይደለም። እኔን የሚያሳምነኝ ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ ከባድ ወንጀል እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ በኋላ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ በየዓመቱ ሲጠይቅ ግን ከጥቂት ዓመታት በቀር አብዛኛው ሰው ወንጀል ካምናው ጨመረ እያለ ነው የኖረው። ይህን ሁሉ ሰው በዓይኑ ያየው ሰፈሩ አላሳሳተውም። ያላየውን አገር ነው የነገሩት።

ቀስቱ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሄድ እንደሚችልም አምናለሁ። እናቴ ስለምትፈራ ሲመሽ አትወጣም። ስለማትወጣ ቴሌቪዥን ታያለች። ስታይ ትፈራለች። ማይክል ስሌተር እ.ኤ.አ. በ2007 ይህን ዓይነቱን ዙሪያ ጥምጥም በንድፈ ሐሳብ አስቀምጦታል፤ እኔ ስልኬ ላይ በአምስት ሳምንት ኖሬዋለሁ። በገርብነር ዘመን ቢያንስ ሁሉም ያንኑ ያይ ነበር፤ ለእኔ የመጣልኝ እኔ ዓይኔን ያሳረፍኩበት ነው።

አሁን ወደ ወደድኩት ጥናት ልምጣ። ሰው «ከመቶ ስንቱ ይዘረፋል?» ሲባል ቁጥር አይቆጥርም። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት፣ ምሳሌ ቶሎ ወደ አእምሮው ከመጣለት ነገሩ ብዙ ነው ይላል። ምሳሌው ከድራማ ይምጣ ከኑሮ፣ በዚያች ቅጽበት አይለየውም። ኤል ጄ ሽረም የተባለ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ይህን ይዞ ተነሣ፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ለአንዳንዶቹ ተጠያቂዎች ወንጀልና የመሳሰለው ምን ያህል ነው የሚለውን ግምት በቀጥታ ጠየቋቸው፤ ብዙ የሚያዩት ከፍ አድርገው ገመቱ፣ ልክ ገርብነር እንዳለው። ለሌሎቹ ግን አስቀድመው አንድ ነገር አደረጉ፤ ቴሌቪዥን ምን ያህል ታያላችሁ ብለው ጠየቁ። ከዚያ ግምቱን ጠየቁ። በብዙ ተመልካቾችና በጥቂት ተመልካቾች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ።

ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ማንም ቴሌቪዥኑን አልዘጋባቸውም፤ ሐሰት ነው ብሎ የመከራቸውም የለም። የጥያቄው ቅደም ተከተል ብቻ ተቀየረ፤ ምንጩ ከፍርዱ በፊት ተጠራ። ሰዎቹ የተሸከሙትን ለይተው መመዘን ይችሉ ኖሯል፤ የሚጠይቃቸው ነው ያጡት።

«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ይባላል። መላው ለእኔ ደብተር ሆነ። ገጹን በመስመር ለሁለት ከፈልኩት። በግራ በኩል፣ ስለማላውቃቸው ሰዎች በልቤ የፈረድኩትን ሁሉ ጻፍኩ። በቀኝ በኩል ከየት እንዳወቅሁት። ለሁለት ሳምንት ነበር ያደረግሁት፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም፣ ያደክማል። ከገጾቹ ጥቂቱን ላስነብባችሁ።

«የዛሬ ወጣቶች ለታላቅ ክብር የላቸውም።» በቀኝ፦ አንድ ልጅ አስተማሪውን ሲሰድብ የተቀረጸ ቪዲዮ፤ ያው አንዱን ቪዲዮ በሦስት የተለያዩ ገጾች አየሁት። ከሥሩ ደግሞ ሳላስበው ሌላ ነገር ጻፍኩ፦ በምርኩዝ ስሄድ አራተኛ ፎቅ ድረስ ዕቃዬን የተሸከመልኝ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። ይህን ልጅ በየሳምንቱ አየዋለሁ። በፍርዴ ውስጥ ግን አልነበረም።

ስለ አንድ ሄጄበት የማላውቀው አገር ሰዎችም ጽኑ አስተያየት ነበረኝ፤ ቂመኞች ናቸው የሚል። ቀኙን ዓምድ ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ትዝ ያለኝ ከብዙ ዓመት በፊት ያየሁት አንድ ፊልም ነው። ርዕሱን ረስቼዋለሁ። ታሪኩንም ረስቼዋለሁ። ቂሙ ብቻ ቀርቷል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ካርል ሆቭላንድ ይህን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹና በ1951 ባደረጋቸው ጥናቶች ነው፤ ጊዜ ሲያልፍ ሰው የሰማውን ይይዛል፣ ከማን እንደሰማው ይለቃል። የማይታመን ምንጭ የተናገረውም ከተናጋሪው ተላቆ የራሳችን ዕውቀት ሆኖ ይቀመጣል። በዚያች ቀኝ ዓምድ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ሳየው አፈርኩ፤ በዚህ ፍርድ ስንት ሰው አርቄ ይሆን?

ይህ ሁሉ ግን ስክሪንን የመኮነን ነገር መስሎ እንዳይታይብኝ። ያው መንገድ ደግ ነገርም ያመጣል። ኤድዋርድ ሺያፓና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በአካል የማያውቁትን የኅብረተሰብ ክፍል በስክሪን በደንብ የተዋወቁ ሰዎች ጥላቻቸው ሲቀንስ አሳይተዋል፤ ብዙ ሰው በአካል ሳያገኘው የሚያዝንለት ገጸ ባሕርይ አለው።

ከሁሉ ግን በሩዋንዳ የተደረገው አንዱ ጥናት ከአእምሮዬ አይጠፋም። ኤልሳቤት ሌቪ ፓሉክ፣ ሬዲዮ ሰው ለማስጨረስ በዋለበት አገር፣ ስለ ዕርቅ የሚተረክ የሬዲዮ ድራማ ለአንድ ዓመት ያደመጡ ማኅበረሰቦችን ስለ ጤና የሚተረክ ድራማ ካደመጡ ጋር አነጻጸረች። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። የሰዎቹ የግል እምነት ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው በእኛ ዘንድ ምን ይደረጋል፣ ሌላው ሰው ምን ያስባል የሚለው ነው፤ አድራጎታቸውም። በመጨረሻው ቀን ለእያንዳንዱ ማኅበረሰብ የድራማው ካሴቶችና ማጫወቻ ተሰጠ። ጤናውን ያደመጡት አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ኃላፊ ይያዝልን አሉ። ዕርቁን ያደመጡት ተከራከሩ፣ ተመካከሩ፣ በጋራ እንያዘው አሉ። በካሴት ጉዳይ የተደረገች ትንሽ ክርክር ናት፤ እርስ በርስ መተማመንን እንዲህ በግልጽ ያየሁበት ሌላ ጥናት አላስታውስም።

ባለፈው ሳምንት እናቴ ጋ ነበርኩ። ማታ አጠገቧ ተቀምጬ ዜና አየን። የአንዲት ሴት ቤት ተሰብሮ ተዘርፏል። እናቴ በረዥሙ ተነፈሰች።

«ዓለም ከፋች» አለች።

ዱሮ ቢሆን «እማዬ፣ አታጋኚ» እላት ነበር። አሁን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ በዚህ ሰፈር እንዲህ የደረሰበት የምታውቂው ሰው አለ?»

ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዝም አለች። ድምፁን በሪሞት ቀነሰችው። ከቤቱ ጀምራ በጣቷ ቆጠረች፣ እንደ ድሮው ስትቆጥር፣ አውራ ጣቷን በየአንጓው እያሳረፈች። እዚህ ቀጥሎ ያሉት የለም። ከነሱ ወዲያ የለም። ማዕዘኑ ላይ ያሉት...

«አለች፤ ታች ያለችው ሴትዮ» አለችኝ። «በሯ ተገንጥሎ አይቼ ነበር።» ትንሽ አሰበች። «አይ፣ አይደለም። ቁልፍ ጠፍቶባት ነው። ራሷ ናት ያስሰበረችው፤ ብረት ያበደርኳት እኔ ነኝ።»

ሁለታችንም ዝም አልን። በስክሪኑ ላይ ዜናው አልፎ ሌላ መጥቶ ነበር።

«ስንት ዓመት ሆኖኝ ይሆን ካየኋት» አለች እናቴ። «ነገ ሄደን እንጠይቃት።»

«ጠዋት?»

«ጠዋት አትገኝም። ሲመሽ እንሂድ።»

ወደ መኝታዋ ስትሄድ ቁልፉን ሁለቴ አዞረች፤ መቀርቀሪያውን ገፋች፤ እጀታውንም ሳብ አደረገችው። አልጋዬ ላይ ሆኜ ኮቴዋን እጠብቅ ነበር። እንቅልፍ ቀደመኝ።